ከሱቅ በፍሬ የሚሸጠው ትራማዶልና አዲሶቹ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች፦ የምታውቁ ንገሩን

የማርቆስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው ይህን ርዕስ የከፈትሁት።

የእህቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እናቱን የሚያስተዳድራት እሱ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ይዞ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ጓደኞቹ "ይህን ዋጥ፣ ሕመሙም ድካሙም ይለቅሃል" ብለው ትራማዶል አስለመዱት። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ነበር። አሁን ስንት እንደሚውጥ ለማንም አይናገርም። ሰሞኑን ተራ እየጠበቀ ሳለ ወድቆ አንቀጠቀጠው። ሰው ተሰበሰበ። የሚጥል በሽታ ነው ተባለና ክብሪት ጭረው አሸተቱት። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ተረኛዋ ባለሙያ ኪሱን እንድንፈትሽ ነገረችን። ክኒኑን ስታይ ምክንያቱ ገባት።

አሁን ተሽሎታል፣ ተመስገን። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ክኒኑ የተገዛው ከመድኃኒት ቤት አይደለም። ሳሙናና ስኳር ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ማዘዣ የለ፣ ካርቶን የለ፣ በፍሬ እየተቆጠረ ይሰጣል።

ተማሪዎቼም ስለ ፌንታኒልና ናይታዚን ስልክ ላይ እያዩ ይጠይቁኛል። እነዚህ ከትራማዶል ጋር አንድ ዘር ናቸው? ወደ እኛስ ይመጣሉ? ሕጋችን ምን ይላል? እዚህ የጤናም የሕግም ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ለእናትና ለአባት በሚገባ አነጋገር ንገሩን።

ወለተ ማርያም (ሞጣ)

እግዚአብሔር ጨርሶ ይማረው መምህር። የእኛም ሰፈር ጎረምሶች ይኸንኑ ክኒን ይላሉ። እኔ የራስ ምታት መድኃኒት መስሎኝ ነበር። የምታውቁ በሉ ንገሩን።

ፋርማሲስቷ (ቡሬ)

መምህር፣ እንኳን ልጁ ተረፈላችሁ።

አዎ፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኦፒዮይድ ይባላሉ። ሞርፊን የሚገኘው ኦፒየም ፖፒ ከሚባለው ተክል ነው። ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ናይታዚኖች ግን ከተክል አይመጡም፤ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ናቸው። ሁሉም አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት። ሕመምን ያደነዝዛሉ። ችግሩ "ተንፍስ" የሚለውን የአንጎል ትእዛዝም አብረው ያደነዝዛሉ። ሰው የሚሞተው መተንፈስ ረስቶ ነው።

ልዩነታቸው ጉልበታቸው ነው። ትራማዶል ከሞርፊን በጣም ይደክማል። ፌንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል። ካርፈንታኒል የሚባለው ደግሞ 10,000 እጥፍ ነው፤ ዝሆንን የመሰለ ትልቅ አውሬ ለማስተኛት እንጂ ለሰው አልተሠራም።

"ትራማዶል ደካማ ነው" የሚለው ወሬ ግን ብዙ ልጅ አሳስቷል። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የመምህር ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ትራማዶል እንደሌሎቹ ሕመም ብቻ አያስታግስም። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትንም ከፍ ያደርጋል። ሲበዛ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ይጥለዋል። ለአዋቂ በቀን የሚፈቀደው ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነው፤ እሱም ሐኪም ካዘዘ። በሕጋዊ መንገድ የሚመጣው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ 50 ወይም 100 ሚሊግራም ነው። በኮንትሮባንድ የሚዘዋወረው ግን 200፣ 225 እና 250 ሚሊግራም ሆኖ በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ጊዜ ተይዟል። ካርቶን የሌለው ፍሬ ስትገዙ ስንት እንደያዘ በምን ታውቃላችሁ?

ሁለተኛውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ትራማዶልን ወደ ሌላ፣ በጣም ወደሚበረታ ነገር መለወጥ ነው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ አለው። ያ ሰው መድኃኒቱን በፍጥነትና በብዛት ይለውጠዋል። እንዲህ ያለው ሰው በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከመቶ 29 ሰው ትርፍ ቅጂ እንዳለው አሳየ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2017 እ.ኤ.አ. ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚሁ የዘር ልዩነት ምክንያት ነው። ስለዚህ "ጓደኛዬ ሦስት ውጦ ምንም አልሆነም" የሚለው ለእናንተ ዋስትና አይሆንም። እሱና እናንተ ጉበታችሁ ይለያያል።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ አካባቢ)

እኔ ግን ነገሩ ተጋነነ ባይ ነኝ። እኛ ጋ ሰው የሚገድለው አረቄና ጫት ነው። ጫቱን ቅሞ፣ ጨብሲ ብሎ፣ ሌሊት ተጋጭቶ የሚሞተውን ቁጠሩ። ፌንታኒል የፈረንጅ ጣጣ ነው። የሌለ ነገር እያወራን ልጆቻችንን ጭራሽ እንዲፈልጉት እናደርጋለን። ወላጅ ልጁን ይቆጣጠር፣ አለቀ።

ፋርማሲስቷ (ቡሬ)

ጮቄ፣ ስለ አረቄውና ስለ ጫቱ ልክ ነህ። ግን ተነጣጥለው አይመጡም። ጫት የቃመ ልጅ ምርቃናውን ለማብረድ ድሮ ቢራ ወይም አረቄ ይፈልግ ነበር። አሁን ክኒኑን ይጨምርበታል። ትራማዶልና አልኮል ሁለቱም ትንፋሽ ያዳክማሉ። አብረው ሲወሰዱ ለየብቻ የማይገድል መጠን ይገድላል።

"አፍሪካ አይደርስም" የሚለውን ደግሞ ከሴራሊዮን እንማር። እዚያ ኩሽ የሚባል የሚጨስ ነገር አለ። ሰው ቅጠል ብቻ መስሎት ነበር። ወጣቱ መንገድ ላይ ቆሞ እያንቀላፋ ሲወድቅ ፕሬዚዳንቱ ጁሊየስ ማዳ ባዮ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. አገራዊ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ኋላ ናሙናው ሲመረመር ብዙው ውስጥ ናይታዚን ተገኘ። የሚያጨሱት ልጆች ስሙን እንኳ ሰምተው አያውቁም።

አባ ዳኘው (ዲሲ አካባቢ)

ሰላም የአገሬ ልጆች። ቢቸና ነው ትውልዴ። ከአገር ከወጣሁ ቆየሁ።

ወንድሜ ጮቄ፣ "የፈረንጅ ጣጣ" ያልኸው እዚህ የሐበሻ ቤት ገብቷል። የምናውቃት እናት አለች። ልጇ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ለፈተና ሊያጠና አንድ ክኒን ከጓደኛው ወሰደ። ሕጋዊ መድኃኒት መስሎት ነው። ቅርጹም፣ ማኅተሙም፣ ቀለሙም ያው ነው። ውስጡ ግን ፌንታኒል ነበር። ጠዋት ልትቀሰቅሰው ስትገባ አልነቃም። ለቅሶ ላይ "በድንገተኛ ሕመም" ተባለ። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ቀጥሎ የሌላ ሰው ልጅ በዚያው ክኒን ይሞታል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው በምን እንደሞተ አልተነገረም።

እዚህ አገር ከ2021 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ ብዛት ሞቷል። አብዛኛው በፌንታኒል ነው። በ2024 ወደ 80,000 አካባቢ ወረደ። የፌንታኒል ገዳይ መጠን ተብሎ የሚነገረው 2 ሚሊግራም ነው፤ የእርሳስ ጫፍ ላይ የሚቀር ዱቄት ነው። ሕገወጡ ክኒን የሚቀላቀለው ደግሞ በየጓዳው ነው። አንዱ ፍሬ ባዶ ይሆናል፣ ሌላው ሦስት ሰው ይገድላል። ከአንድ ከረጢት ነው የወጡት።

እዚህ አንድ የጠቀመ ነገር አለ። ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት ነው። አፍንጫ ውስጥ ይነፋል፤ ትንፋሹ የቆመው ሰው በደቂቃዎች ይመለሳል። ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። እኔ መኪናዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም አስቀምጧል።

ሲስተር (ቢቸና)

አባ ዳኘው፣ የአገሬ ሰው፣ እግዜር ያክብርልኝ።

እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ፌንታኒል ለእኔ የዕለት መድኃኒት ነው። ጳውል ያንሰን የተባለ ቤልጅጋዊ በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሠራው ነው። በቀዶ ሕክምና ስንት ሰው ያለ ሥቃይ ወጥቶበታል። እንዳትጠሉት። ግን የምንለካው በማይክሮግራም ነው፤ የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ ማለት ነው። አጠገባችን ኦክስጅን አለ፣ የልብ መቆጣጠሪያ አለ፣ ትንፋሹ ቢቆም የምንተነፍስለት መሣሪያ አለ። ሱቅ ውስጥ ይህ የለም። መኝታ ቤት ውስጥም የለም።

ናሎክሶን እኛ ጋ በመርፌ ነው ያለው፤ እሱም ሆስፒታል ውስጥ። ስለዚህ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ናሎክሶን እስኪገኝ ያለውን ሰዓት ነው።

ሦስት ምልክት ያዙ። ሰውየው ብትጠሩት፣ ብትቆነጥጡት አይነቃም። ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ከባድ ማንኮራፋት ወይም የመንቆርቆር ድምፅ ያሰማል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ከሰማያዊ ቀለም ከቀረበ ሰዓቱ እያለቀ ነው።

"ደክሞት ነው፣ ተኝቶ ይውጣለት" አትበሉ። ስንቱን ያጣነው በዚህች ቃል ነው! እያንኮራፋ ያደረ ልጅ ጠዋት ሬሳ ሆኖ ይገኛል። ወተት አታጠጡት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ቡናም፣ ጨው የበዛበት ውኃም እንዲሁ። ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት አይጠቅምም። መኪና ጥሩ፣ እስኪመጣ በጎኑ አስተኙት። ትንፋሹ ከቆመ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ በአፉ ንፉለት፤ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ። ይህች ቀላል ነገር ሰው ታቆያለች።

የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ማንኪያም፣ ጨርቅም። ክብሪት ማሽተቱንም ተዉት፤ አይረዳውም። ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ ጠብቁት፣ ሲረጋጋ በጎኑ አዙሩት። እናቶቻችን ጸበል እንውሰደው ሲሉ አልቃወምም። መጀመሪያ ሆስፒታል ይድረስና ሲነቃ አብረን እንወስደዋለን።

ናሎክሶን የተሰጠው ሰው ነቅቶ "ደኅና ነኝ፣ ልሂድ" ቢል አትልቀቁት። ናሎክሶን ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። የወሰደው ነገር ከዚያ በላይ ከቆየ ትንፋሹ ተመልሶ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ስለሆነ ታገሡኝ። ምን እንደወሰደ ደብቃችሁ አታምጡት። በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ታጣቂዎች አንድ ቲያትር ይዘው ሰው አግተው ነበር። የጸጥታ ኃይሎች ሰመመን የሚሰጥ ጋዝ ወደ ውስጥ ለቀቁ። ከ120 በላይ ታጋቾች ሞቱ። ለሐኪሞቹ ጋዙ ምን እንደሆነ በጊዜው አልተነገራቸውም። ከዓመታት በኋላ ከተረፉት ሰዎች ናሙና ላይ ካርፈንታኒልና ሬሚፈንታኒል ተገኘ። ሁለቱም ኦፒዮይድ ናቸው። ስሙ በሰዓቱ ቢነገር መፍትሔው የታወቀ ነበር። እኛ ጋም ቤተሰቡ "ምንም አልወሰደም፣ ምግብ ነው የተመረዘው" እያለ ሲምልልን ደቂቃው ያልፋል። የጤና ባለሙያ ፖሊስ አይደለም። ክኒኑን፣ ባዶውን ፕላስቲክም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።

የማርቆስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሲስተር፣ ይህን ጽሑፍሽን አትሜ የባጃጅ ማኅበሩ ቢሮ ልለጥፈው ነው። ፈቃድሽ ከሆነ።

ሲስተር (ቢቸና)

ለጥፈው ወንድሜ። ስሜን ግን ተወው።

የሕግ ሰው (ፍኖተ ሰላም)

የሕጉን ነገር እኔ ልሞክር።

ከቅርቡ እንጀምር። ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት የሚሸጠው የሥራ ፈቃድ ባለው ተቋም፣ በባለሙያ እጅ እንዲሆን ያዛል። የሸቀጥ ሱቅ ትራማዶል ሲሸጥ ሕግ እየጣሰ ነው። ማንም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት መጠቆም ይችላል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም 8482 የሚባል ነፃ ስልክ አለው። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ተብለው የተመዘገቡትን ያለ ፈቃድ ማምረት፣ ማዘዋወር፣ መሸጥና መጠቀም ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ነጋዴውና አዘዋዋሪው ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቃቸዋል።

ከባዱ ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው አዲስ ነገር ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም።

የዓለም ቁጥጥር መሠረቱ የ1961 እ.ኤ.አ. የናርኮቲክ ስምምነት ነው። አሠራሩ ስም መዘርዘር ነው። የናይታዚኖችን ታሪክ ውሰዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ያለ ሲባ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ለሕመም ማስታገሻ ብሎ ሠራቸው። ትንፋሽ የሚያቆሙ ሆነው ስለተገኙ መድኃኒት ሳይሆኑ ቀሩ። ከእነሱ ውስጥ ኢቶኒታዚን የሚባለው ስምምነቱ ውስጥ ተዘረዘረ። ጥናቱ ግን በመጽሔት ታትሞ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ከኢቶኒታዚን በአንድ ካርቦን ብቻ የሚበልጥ ዘመዱ ብቅ አለ። ኢሶቶኒታዚን ይባላል፤ አይሶቶኒታዚን የሚሉትም አሉ። ጉልበቱ ያው ገዳይ ነው፤ ስሙ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ታየ። የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ኮሚሽን ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2021 ነው። በመካከሉ ሰው ሞተ። እሱ ሲዘጋ ሜቶኒታዚን መጣ፤ በ2022 ተዘረዘረ። ከዚያ ፕሮቶኒታዚን፤ በ2023 ተዘረዘረ። ሕጉ አንዱን ስም እስኪጽፍ ኬሚስቱ ሌላውን አብስሎ ጨርሷል።

"ዳኛው ይመሳሰላል ብሎ አይቀጣም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አይችልም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል መፍጠር እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ለእኔም ለእናንተም ጥበቃ ነው። ዳኛ እየገመተ ቢያስር ማን ይድናል? ስለዚህ መፍትሔው ከዳኛው ሳይሆን ከሕግ አውጪው መምጣት አለበት።

ሌሎች ምን አደረጉ? አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. "ከተከለከለው ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል" ነገር እንደተከለከለ ይቆጠር የሚል ሕግ አወጣች። "በእጅጉ" ማለት ምን ያህል እንደሆነ በየችሎቱ ኬሚስቶች ሲከራከሩ ይኖራሉ። ቻይና ሌላ መንገድ ወሰደች። ከግንቦት 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌንታኒልን ቤተሰብ በሙሉ፣ ገና ያልተሠራውን ጨምሮ፣ በኬሚካል አወቃቀሩ ገልጻ ከለከለች። ፌንታኒሉ ሲጠብቅ አምራቾቹ ወደ ናይታዚን ዞሩ። በ2025 ያንንም በቤተሰብ ዘጋችው። እንግሊዝም በጥር 2025 ናይታዚኖችን በጅምላ ከልክላለች።

የእኔ አቋም ይኸ ነው፦ እኛም በስም ከመልቀም በቤተሰብ መከልከል ይሻለናል። አወቃቀሩ በሕግ ይጻፍ፣ ለሆስፒታልና ለምርምር በር ይተው። ግን ሕጉ ብቻውን ምንም አይደለም። የተያዘውን ዱቄት መርምሮ "ይህ ናይታዚን ነው" የሚል ቤተ ሙከራ በክልል ደረጃ ከሌለ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይዞ ይከሳል?

ጎበዜ (ዳንግላ)

ሕግ ሕግ ትላላችሁ! ይህን የሚሸጠውን ሰው አደባባይ ላይ መስቀል ነው። ትራማዶልን ጨርሶ ከአገር ማስወጣት። የሚውጠውንም ልጅ ማሰር። ያኔ ይቆማል።

የእንጅባራዋ

ወንድሜ ጎበዜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ግን "ጨርሶ ማስወጣት" ያልኸው እናቴን ነው።

እናቴ የማሕፀን በር ካንሰር ነበረባት። አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌሊት ሌሊት ጎረቤት እስኪሰማ ትጮህ ነበር። ሐኪሙ ሞርፊን ጻፈላት። ሞርፊን ያለበትን ቤት ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ተመላለስሁ። መንገድ ተዘግቶ የቀረሁበት ቀን አለ። አንዱ መድኃኒት ቤት "የናርኮቲክ ነገር ቁጥጥሩ ስለሚያስፈራን አናስገባም" አለኝ። ትራማዶል ነበር ያቆያት። እሱ ባይኖር ኖሮ እናቴ በሥቃይ ብቻ ነበር የምትሞት። በመጨረሻዋ ሳምንት እንቅልፍ ወስዷታል፣ ልጆቿን መርቃ ነው የሄደች።

ስለዚህ ሱቁን ዝጉ፣ አዎ። በፍሬ የሚሸጠውን ያዙ። የታመመ ሰው እጅ ላይ ግን በር አትዝጉ።

የሕግ ሰው (ፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ይህ የተናገርሽው ነገር ጄኔቭ ድረስ ያከራከረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ትራማዶልን በዓለም አቀፉ ዝርዝር እናስገባ ወይስ አናስገባ ብሎ ደጋግሞ መርምሯል። እስከዛሬ አስገቡ አላለም። ትልቁ ምክንያት የአንቺ እናት ናት። ሞርፊን በማይገኝባቸው ድሃ አገሮች ትራማዶልም ከተቆለፈ ለካንሰርና ለቀዶ ሕክምና ሕመምተኛ ምን ይቀራል? በሌላ በኩል ግብፅ በአገር ውስጥ ሕጓ አጥብቃዋለች። ህንድም ዋና አምራች ሆና ሳለ በ2018 እ.ኤ.አ. በናርኮቲክ ሕጓ ሥር አስገባችው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ የማዘዣው ቁጥጥር ይጥበቅ፣ መድኃኒቱ ግን ይኑር ባይ ነኝ።

ጎበዜ፣ የሚውጠውን ልጅ እንሰር ያልኸውን አልቀበልም። ልጁ እስር ቤት እንደሚጠብቀው ካወቀ ጓደኛው ሲወድቅ ጥሎት ይሮጣል። ሲስተር የነገረችንን አስታውስ።

ጎበዜ (ዳንግላ)

የእንጅባራዋ፣ እናትሽን ነፍስ ይማርልኝ። የልጆቹን ነገር ተቀብያለሁ። የሻጩን ግን አልለቅም።

ፋርማሲስቷ (ቡሬ)

"ቅመም ነው፣ አዲስ ነው፣ ፖሊስ አያውቀውም" እየተባለ ለሚቀርብላችሁ ወጣቶች አንድ እውነተኛ ታሪክ ልተው። በሆስፒታሎቻችን ፔቲዲን የሚባል የሕመም መርፌ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው የፔቲዲንን ቅርብ ዘመድ በጓዳው ሠርቶ አዲስ ሄሮይን ነው ብሎ ሸጠ። ሲያበስለው ሙቀቱን ወይም ጊዜውን አዛብቶ ኖሮ ውስጡ ኤምፒቲፒ የሚባል ሌላ ነገር ተፈጠረ። የወሰዱት ወጣቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ደርቀው ቀሩ። መናገር፣ መብላት፣ መንቀሳቀስ አቃታቸው። ፓርኪንሰን የያዛቸውን አዛውንት ሆኑ። ንጥረ ነገሩ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ገድሎት ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት አይመለስም። እነዚህ ልጆች የሕግ ክፍተት ውስጥ ያለ ነገር ነው የገዙት። ማንም አልመረመረላቸውም።

የበረሃው ሾፌር (ደጀን)

ሁላችሁንም ከላይ እስከ ታች አነበብኋችሁ። እኔ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። አባይ በረሃን ሌሊት የምንወርድ፣ የምንወጣ ብዙ ነን። ከእኔ ጋር የሚሠራው ረዳቴም፣ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞችም ይህን ክኒን ያውቁታል። ጉልበት ይሰጣል ይሉታል።

እኔም እወስዳለሁ። ቆይቻለሁ። ጠዋት ካልዋጥሁ ያዛጋኛል፣ ያልበኛል፣ ሆዴ ይላላል፣ እግሬን ይቆረጥመኛል፣ እንቅልፍ የለም። ለማቆም ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ተመልሼበታለሁ። ልጆች አሉኝ። ሲስተር፣ እህቴ ፋርማሲስቷ፣ እንዴት ነው የሚተወው? ስድብም ቢሆን እችላለሁ፣ ብቻ እውነቱን ንገሩኝ።

ሲስተር (ቢቸና)

ማን ይሰድብሃል አያ! ይህን በሰው ፊት መናገርህ ትልቅ ነገር ነው።

የገለጽኸው ሕመም የትራማዶል ማቋረጥ ሕመም ነው። ሰውነትህ ለምዶታል። የአንተ ድክመት አይደለም። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ቆርጠህ አትጣለው የምልህ። በአንዴ ሲቋረጥ ከባድ ጭንቀትና መረበሽም ያመጣል። ሆስፒታል ሂድና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቅ፤ ሱስ የሚታየው እዚያ ነው። በቀን የምትወስደውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገራቸው። መጠኑን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሳነሱ ያስተዉሃል። ሰውነትህ ሲከብደው ቆም ብለው ደግሞ ይቀጥላሉ።

ፋርማሲስቷ (ቡሬ)

ሲስተር ያለችው ላይ ልጨምርልህ ወንድሜ።

ማቋረጡ ሲያስጨንቅህ በአረቄ ወይም በእንቅልፍ ክኒን ለመሸፈን አትሞክር። ዲያዜፓምና ትራማዶል አንድ ላይ ትንፋሽ ያቆማሉ። እየቀነስህ ባለህባቸው ሳምንታት የበረሃውን መንገድ ለሌላ ሾፌር ስጥ፤ ድንገት ቢያንቀጠቅጥህ መኪናው ከነጭነቱ ገደል ነው።

ሌላው፣ ለተወሰነ ጊዜ ትተኸው ከቆየህ በኋላ ብትመለስበት የድሮውን መጠን ሰውነትህ አይችለውም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ልማዱን ካቋረጠ በኋላ "ያው የድሮዬን" ብሎ ሲውጥ ነው። ለረዳትህም ንገረው።

የበረሃው ሾፌር (ደጀን)

እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ እሄዳለሁ። የቀረውን ክኒን ምን ላድርገው? ልጣለው?

ፋርማሲስቷ (ቡሬ)

አትጣለው። ልጆች የማያገኙት ቦታ ቆልፈህ አስቀምጥና ሰኞ ይዘኸው ሂድ። ሐኪሙ ስሙንና ሚሊግራሙን ማየት አለበት። ካርቶን ከሌለው ከእኛ ለአንዳችን አሳየን፤ ፍሬው ላይ የተጻፈውን አይተን የምንችለውን እንነግርሃለን።